ሁለት ቁም ጭረት፣ አንድ አግዳሚ

የመታሰሬ መነሻ ከመምህራን ባልደረቦቼ ጋር የጻፍነው አቤቱታ ነበር። መሪ ሰፈር ያለውን ኮንዶሚኒየም ቤቴን ፖሊሶች በጠዋት መጥተው ሲፈትሹ ግን ዓይናቸው ያረፈው ስለ ጽሕፈት አመጣጥ በማስተምርበት ደብተር ላይ ነው። የበሬ ራስ፣ ውሃና ዓይን የሚመስሉ የጥንት ምልክቶች ስዬበታለሁ። "ምስጢራዊ መልእክት ነው" አሉ። ሳቄ መጣብኝ፤ ዋጥኩት።

የካ ውስጥ አንድ ማቆያ አስገቡኝ። ስምንት ሰው ለአራት ፍራሽ። የሽንት ባልዲው በሩ ሥር ነው። መዳፍ ከምታክለው መስኮት የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ጫፍ ይታያል፤ እሱንም ለማየት ባልዲው አጠገብ መቆም ያስፈልጋል። በሩ ሲቆለፍ አየሩም አብሮ የተቆለፈ መሰለኝ። በዚያው ቀን መርማሪው ቃሌን የጻፈበትን ወረቀት ሳላነብ ፈረምኩ። ቶሎ መውጣት ነበር የፈለግሁት። "አርፈህ ከተቀመጥክ ዓርብ ትፈታለህ" አለኝ።

ጎኔ የሚተኙት ሽማግሌ ከራጉኤል ማዶ አጣና ቆርጠው የሚሸጡ ገበሬ ናቸው። የተያዙት እንግዳ አሳድረዋል ተብለው ነው። ማንበብ አይችሉም፤ በማግስቱ ቃላቸው በሰፈረበት ወረቀት ላይ አሻራቸውን ሊያኖሩ ነው።

"ምን ስታስተምር ነው የያዙህ?" አሉኝ።

"ሰው መናገርና መጻፍ እንዴት እንደጀመረ ነው አባቴ።"

"እንዴት ጀመረ ታዲያ?"

"የንግግሩን በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። ጽሕፈቱ ግን ከምልክት ነው የተነሳው።"

በጣታቸው ወለሉ ላይ እየጫሩ አሳዩኝ። "እኛም አጣናው ግርጌ ላይ በመጥረቢያ እንጭራለን። የኔ ሁለት ቁም ጭረት፣ አንድ አግዳሚ ነው። የአባቴም እሱ ነበር። መንገድ ዳር ጥዬው ብሄድ ማንም አይነካውም። ያልቆረጥኩት እንጨት ላይ ከጫርኩት ግን ሌባ ነኝ።"

ፊቴ ጋለ። ሳላነብ መፈረሜን ነገርኳቸው።

"ማንበብ እየቻልክ?" አሉ። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ከሰዓት መርማሪው ወረቀትና የቀለም ሳጥኑን ይዞ ክፍላችን ድረስ መጣ።

"አባት፣ ጣትዎን ያምጡ።"

"አንብብልኛ ልጄ።"

"ሥራ አለብኝ እኮ።"

"እንግዲያው መምህሩ ያንብብልኝ።"

መርማሪው ዞሮ አየኝ። ዓርብ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ምነው ሌላ ሰው በጠሩ ብዬ ተመኘሁ፤ እውነቱ ይሄ ነው። ከዚያ እጄን ዘረጋሁ። ወረቀቱን ተቀብዬ ጮክ ብዬ አነበብኩ። አራተኛው መስመር ላይ "መሣሪያ እንደያዙ እያወቅሁ አሳደርኳቸው" ይላል።

"ይሄን አላልኩም" አሉ ሽማግሌው። "መሽቶብናል አሉኝ፤ አሳደርኳቸው። መሣሪያ አላየሁም።"

"ያው ነው፣ ይፈርሙ።"

"ያልቆረጥኩትን አልጭርም።" እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተቱ።

ወዲያው ዘበኞች ተጠርተው ይዘዋቸው ወጡ። ጋቢያቸውን እንኳ ለማንሳት ጊዜ አልሰጧቸውም። ዳግመኛ አላየኋቸውም። ዓርብ መጣ፣ ሄደ፤ እኔም ሁለት ወር ቆየሁ። ያቺን ጋቢ እየለበስኩ አለቀስኩ፣ አልደብቅም። የምፈታ ዕለት የመፈቻ ወረቀት ሲሰጡኝ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው አነበብኩት። "ፈርምና ውጣ እንጂ!" አለኝ ዘበኛው። ደግሜ አነበብኩት፤ ከዚያ ፈረምኩ።

አሁንም አስተምራለሁ። የጽሕፈት አመጣጥ ላይ ስደርስ ከበሬው ራስ በፊት የሽማግሌውን ጭረት ሰሌዳው ላይ እስላለሁ። ባለፈው ወር ጋቢውን በፌስታል ይዤ ወደ ራጉኤል ስወጣ መንገድ ዳር የተከመረ አጣና አየሁ። ጎንበስ ብዬ ግርጌውን ተመለከትኩ። ሁለት ቁም ጭረት፣ አንድ አግዳሚ፤ እርጥበቱ ገና አልደረቀም። የቆረጡት እሳቸው ይሁኑ ልጃቸው አላውቅም። ጋቢውን አጥፌ ክምሩ ላይ አስቀመጥኩት። ዙሪያዬን አየሁ፤ ጠባቂ አልነበረም።