የአያ ደሴ ጀልባና ጥቁሩ ዘይት

ትናንት ከሰዓት፣ ባሕር ዳር ዓባይ ማዶ ቤታችን ሐዘን ተቀምጠን ሳለ አያ ደሴ መጡ። አባቴ ያረፉት በሳቸው ጀልባ ላይ ነው። ድንኳኑ ውስጥ አልገባም ብለው ውጭ ቆሙ... እኔ ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር ላያቸው አልፈለግኩም ነበር። በሳቸው ተናድጄ ሳይሆን በራሴ አፍሬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመመረቂያ ጥናቴን የምሠራው በሞተር ዘይት ላይ ነው። ናኖ የሚሉትን፣ ከዱቄት እጅግ የደቀቀ ካርቦን ዘይት ውስጥ እበትናለሁ። ብረትና ብረት ሲፋተጉ እሱ መሃል ይገባና መበላላታቸውን ይቀንሳል፤ ሞተሩ ዕድሜ ያገኛል። በደንብ ካልተበተነ ግን ይጓጉልና ዘይቱ የሚያልፍበትን ቧንቧ ይዘጋል።

ላብራቶሪ ውስጥ ሲሳካልኝ በእውነተኛ ሞተር ልሞክረው ብዬ አያ ደሴን ለመንኳቸው። ዘይቱ ከጅምሩ ጥቁር እንደሆነ፣ ቶሎ መቀየር እንደሌለበትም ነገርኳቸው። ከዚያ ወዲህ ባገኘኋቸው ቁጥር «ሞተሩ እንደ አዲስ ሆነልኝ እኮ! እግዜር ይስጥህ!» ይሉኛል። እኔም ደስ እያለኝ ለአማካሪዬ ጽፌ እልካለሁ።

በቀደም አባቴ ድንገት ታመሙ። መሪጌታ ነበሩ፣ ሐይቁ መሃል ባለ ደሴት ቤተ ክርስቲያን ነበር የሚያገለግሉት። በአያ ደሴ ጀልባ ሄጄ ይዣቸው ስመለስ፣ ባሕር ዳር እየታየችን ሞተሩ ጮኸና ቀጥ አለ። ነፋሱ ተነስቷል። ሌላ ጀልባ እስኪደርስልን አባቴ ራሳቸውን ጭኔ ላይ አድርገው ዳዊት በቃላቸው ይደግሙ ነበር... ከመሃል አቋረጡ። ከልጅነቴ ጀምሮ አባቴ ዳዊት ሲያቋርጡ ሰምቼ አላውቅም።

ካርቦኑ ጓጉሎ ነው፣ የገደልኳቸው እኔ ነኝ ብዬ ደመደምኩ። ይህን ለማንም ሳልተነፍስ ነው የቀበርኳቸው።

እና ትናንት አያ ደሴ መሬት መሬቱን እያዩ...

«ልጄ፣ ያንተ ዘይት አይደለም» አሉኝ።

«እንዴት አይደለም?»

«መች ነበረና! በሞላኸው በማግሥቱ መለኪያውን ባወጣው ከሰል መስሏል። በአንድ ቀን እንዲህ ከጠቆረ ተቃጥሏል ብዬ አወጣሁት። ከሱቅ ገዝቼ ሌላ ሞላሁ።»

«ጥቁር ነው ብዬዎት ነበር እኮ! ለምን አልነገሩኝም?»

«ብለኸኝ ነበር፣ ልቤ እምቢ አለኝ። ስንት የለፋህበትን ተበላሽቷል ብዬ እንዴት ልንገርህ? ይሉኝታ ያዘኝ። ስቀይር ካየኸኝ ታውቅብኛለህ ብዬ የሱቁንም ዘይት ሳልቀይረው ከረምሁ... ይኸው ሞተሩን ፈጀው። አባትህን ያስቀረሁብህ እኔ ነኝ።» እንባቸው መጣ።

መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው። አፈርኩበት፤ ግን እፎይታ ነበር። ቀጥሎ ንዴት መጣ፣ ያ ሁሉ «እንደ አዲስ ሆነልኝ» ትዝ ሲለኝ። ከዚያ ደግሞ ከሁሉም የከፋው። ላብራቶሪ ውስጥ ያ ዘይት ከተራው ዘይት በብዙ ይቆይ ነበር። ታዲያ እዚያው ሞተሩ ውስጥ ቢሆን ኖሮ... እስከ ወደቡ ብቻ ባደረሰን!

ይህን ለሳቸው አልነገርኳቸውም። እኔንም ይሉኝታ ያዘኝ። «ይግቡ፣ እህል ይቅመሱ» ብቻ አልኳቸው።

ሊገቡ ሲሉ ዘወር ብለው፣ ሊያጽናኑኝ መሰለኝ፣ «ያወጣሁት ዘይትህ ግን በከንቱ አልቀረም፤ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር እንጨት ቀባሁበት። እስካሁን ምስጥ ዝር አላለበትም» አሉኝ።

ይቺንስ ልመን አልመን... እንጃ።