ፒፓዬና የልጄ ሽማግሌዎች

ፒፓ አጨሳለሁ። ሴት ነኝ፣ ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፣ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፣ ፒፓም አጨሳለሁ። ከመጀመሪያው የምናገረው አንባቢዬ መሀል ላይ ደርሶ «ውይ!» እንዳይል ነው። ውይ የሚል ካለ አሁኑኑ ብሎት ይገላገል።

ፒፓዬ የሱቅ አይደለም። እዚህ ቦሌ አራብሳ፣ ከብሎካችን ጀርባ፣ ማንም ያልፈለገው ቁራሽ መሬት አለ፤ ክረምት ሲገባ በቆሎ እዘራበታለሁ። እሸቱን ጎረቤት ይበላዋል። እኔ የምፈልገው አገዳው ላይ ደርቆ የቀረውን ነው። ፍሬውን ፈልፍዬ ቆረቆንዳውን በረንዳ ላይ አሰጣለሁ። በደንብ ሲደርቅ አሳጥሬ እቆርጠውና ውስጡን በቢላ ጫፍ እቦረቡረዋለሁ፤ ከዚያ ጎኑን በጋለ ሽቦ እበሳለሁ። መምጠጫው ሸምበቆ ነው፤ ከክንዴ ይረዝማል።

ሸምበቆውን የጀመረልኝ ሟቹ ባለቤቴ ነው። እሱ በሕይወቱ አንድ ቀን አጭሶ አያውቅም፤ የትምባሆ ሽታ ራሱን ያመው ነበር። ሌላው ባል ቢሆን «ወይ እኔን ወይ ትምባሆሽን» ይል ነበር። የኔው ቡልቡላ ድረስ ሄዶ ከወንዝ ዳር ረጅም ሸምበቆ ቆርጦ መጣ፤ አንጓዎቹን አንድ በአንድ በሽቦ በሳና «በይ እንግዲህ፣ አፍሽ ሳሎን፣ እሳቱ በረንዳ» አለኝ። እንዲሁም ኖርን። እኔ የበረንዳው በር ሥር ወንበሬ ላይ፣ ፒፓው ወደ ውጭ ተዘርግቶ፣ እሱ ሶፋው ላይ ዜና እያየ። ጭስ በረጅም ሸምበቆ ሲመጣ በርዶ እንደሚደርስና ምላስ እንደማያቃጥል በኋላ ነው ያወቅነው። ለእሱ ራስ ምታት የተበጀው መድኃኒት ለኔም ምላስ ተረፈ።

ደስታውን ለማያውቅ ማስረዳት ይከብዳል፤ ቢሆንም ልሞክር። አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ፀሐይዋ ከፊት ለፊቱ ብሎክ ጀርባ ስትወርድ ትምባሆውን እሞላለሁ። ከታች ላላ፣ ከላይ ጠበቅ ይደረጋል። አዲስ ቆረቆንዳ የመጀመሪያ ቀን የተጠበሰ በቆሎ ይሸታል። አይቸኩሉበትም፤ ከቸኮሉ ይጠፋል። ዕድሜዬን ሙሉ ደወል ሲያሯሩጠኝ ለኖርኩት ሴትዮ፣ የማያስቸኩል ነገር ማግኘት ቀላል አይደለም።

ሰው ያወራል። ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ አፍንጫቸውን የሚይዙ አሉ፤ እነሱው በረንዳቸው ላይ ከሰል ሲያቀጣጥሉ ግን ጭሱ ቤቴ ድረስ ይመጣል። «በሴት ልጅ አያምርም» ይሉኛል። እኔ ባደግኩበት በምዕራብ ኢትዮጵያ ባልቴቶች ጋያቸውን እያጨሱ ገበያ መሀል ይቀመጡ ነበር፤ ዞር ብሎ የሚያያቸው አልነበረም። ሐኪሙም መክሮኛል። ሰምቼዋለሁ። ሳንባው የኔ ነው።

ነገሩ የከረረው ለልጄ ሽማግሌ ሊላክ ሲል ነው። አንድ ልጅ ነው ያለችኝ። የቤተ ክርስቲያኗ ዘማሪ ናት፤ ሊያገባት የጠየቃትን ልጅም ያገኘችው እዚያው መዘምራን መሀል ነው። ለሚ ኩራ ሕንፃ የሚያሠራ መሐንዲስ ነው፤ አንድ ቀን ምሳ ጋብዘነው ወድጄዋለሁ። ቤተሰቦቹ ግን በጣም ጥብቅ ሰዎች ናቸው አሉ።

«እማዬ፣ ለአንድ ቀን ብቻ ቁም ሳጥን ውስጥ ክተችው» አለችኝ።

«ዛሬ ለሽማግሌ፣ ነገ ለሰርጉ፣ ከነገ ወዲያ ለመልሱ፣ ስትወልጂ ደግሞ ለልጅሽ። ታዲያ ከቁም ሳጥኑ የምንወጣው መቼ ነው?»

«አንቺን ማን ግቢ አለሽ? ፒፓውን ነው ያልኩት!»

አንጀቴን በላችው። እነሱ ባሉበት እንደማላጨስ ቃል ገባሁላት፤ እደብቀዋለሁ ግን አላልኩም። ፒፓው ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ ሁልጊዜ ከሚቀመጥበት መደርደሪያ ላይ እንደተጋደመ ቀረ።

እሑድ ከጸሎት በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ሙሉ ልብስ ለብሰው መጡ። በእኛ በኩል የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ተቀመጠ። ልጄ እንደ ወጉ መኝታ ቤት ናት፤ በሩን ግን ገርበብ አድርጋዋለች። መሪያቸው፣ ፀጉራቸው ሙሉ በሙሉ የሸበተ ረጋ ያሉ ሰው፣ ልጃችንን ለልጃቸው ጠየቁ። የባለቤቴ ወንድምም የሴት ወገን የሚጠይቀውን መጠየቅ ጀመረ። ሥራው? ቤተሰቡ? ከዚያ በለመደ አፉ «ልጁ ይጠጣል? ይቅማል? ያጨሳል?» ብሎ ቀጠለ። የመጨረሻዋ ቃል ካመለጠችው በኋላ ወደ እኔ አየና ሳል ያዘው።

«ጌታ ይመስገን፣ ከዚህ ሁሉ ንጹሕ ነው» አሉ መሪው። «በቤተሰባችን ትምባሆ ደጃፍ ረግጦ አያውቅም።» ዓይናቸው መደርደሪያው ላይ አረፈ። «ይኼ የአባትየው ማስታወሻ መሆኑን ልጃችን ነግሮናል። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ትምባሆ ስንቱን አባት ያለ ዕድሜው ቀጥፏል! እርስዎን ግን እግዚአብሔር አጽንቶዎታል።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ቀጥሎ ገባኝ። ልጁ ምሳ የመጣ ቀን እኔ ወጥ ቤት ሳለሁ ፒፓውን አይቶ ጠይቋታል፤ ልጄም «የአባቴ ነው» ብላዋለች። ዝም ብል ልጄ ታገባለች። ብናገር ልጁን ልታጣው ትችላለች፤ እኔም እሷን ላጣት እችላለሁ። ፈራሁ። ግን ባለቤቴ ለኔ ብሎ ወንዝ ዳር ጭቃ ውስጥ ገብቶ ሸምበቆ የቆረጠ ነው። ከመቃብር ተነሥቶ «እኔ አይደለሁም» ማለት አይችልም።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «ባለቤቴን የወሰደው ስኳር በሽታ ነው። እንኳን ሊያጨስ ሽታውንም አይችልም ነበር። ፒፓው የኔ ነው።»

«የእርስዎ?»

«የኔ። ትናንትም አጭሼበታለሁ።»

አንደኛው ሽማግሌ የያዙትን ለስላሳ ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። የባለቤቴ ወንድም ኮርኒሱን ያጠና ጀመር።

«እንግዲህ እህቴ» አሉ መሪው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ከዛሬ ጀምሮ ቢተዉት እኛም እንዳልሰማን ሆነን…»

«የጠየቃችሁት ልጄን ነው። ፒፓዬን የጠየቀ የለም።»

ከሦስቱ ወጣት የሚመስሉት ሳቃቸው አመለጣቸው። መሪው ግን አልሳቁም። «ታዲያ ልጅቷ የአባቴ ነው ያለችው ለምንድን ነው? ትጠራና እሷው ትናገር» አሉ።

ሳትጠራ በሩ ተከፈተ። ለዚያ ቀን ብላ ያሰፋችውን ቀሚስ ለብሳለች፤ ዓይኗ ቀልቷል። ከዚያ በላይ ላያት አልቻልኩም። የፈለገችውን ብትል አልፈርድባትም ነበር።

«የእናቴ ነው» አለች። «አፍሬ ነው የዋሸሁት። የሠራላት አባቴ ነው፤ እሱ ግን አንድ ቀን አፍሮባት አያውቅም።»

ወጉ ተናግራ እንድትመለስ ነበር። አልተመለሰችም፤ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ያኔ አለቀስኩ። አሁንም ስጽፈው ያስለቅሰኛል፤ አላፍርበትም።

ሽማግሌዎቹ ተንሾካሸኩ። በመጨረሻ መሪው ተነሥተው ኮታቸውን ቆለፉ። «እንግዲህ ቤተሰቡን አማክረን መልሱን እናሳውቃችኋለን» አሉ።

እንባዬን ጠረግኩ። «የለም ጋሼ» አልኩ። «ጠያቂዎቹ እናንተ ናችሁ፤ መልሱ ያለው እኛ ቤት ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ኑ። እስከዚያ እኛም ስለ እናንተ እንጠያይቃለን።»

በቀጠሯቸው መጡ። ልጄንም ሰጠኋቸው። ያን ቀን ፒፓውን ተዪ ያለኝ ግን አልነበረም፤ ቢሉኝም አልተውም ነበር።