ለአርባ ቀን የሚሆን ጥቁር

ጋሽ ሙላት ጋራዥ የገባሁት በሁለት ሺህ ሁለት ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው፤ ዳንግላ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከዚያ በፊት የሰው በርና መስኮት እቀባ ስለነበር ቀለም የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

ጋሽ ሙላት የጋራዡ ባለቤትም ዋና ቀለም ቀቢም ናቸው። ሰላምታዬን ሳልጨርስ አንድ የሚያብረቀርቅ የሚኒባስ ፓራውልት፣ ከፊት የሚታሰረውን የግጭት መከላከያ፣ እግሬ ሥር ጣሉልኝና፣ "በል ይኼን ጥቁር አድርገው" አሉኝ። ክሮም ነው፤ ፊቴ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። በቡሩሽ ሁለት ጊዜ ደርቤ ቀባሁትና ራቅ ብዬ አየሁት። ልቤ አበጠ።

በነጋታው ጠዋት፣ "እስቲ በጥፍርህ ጫር አድርገው" አሉኝ። ጫር ባደርገው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ።

"ክሮም ኩሩ ነው" አሉኝ። "ለስላሳ ስለሆነ ቀለም የሚይዝበት ቦታ አያገኝም። መጀመሪያ ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት ትፈገፍገዋለህ። አንዴ ከፈገፈግኸው ደግሞ እድሜ ልኩን አያበራም። ስለዚህ ወረቀቱን ከማንሣትህ በፊት ባለቤቱን ሁለት ጊዜ ጠይቀው። እኔ አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቄ፣ ሁለት ወር ሙሉ ሽማግሌ ፊት ስመላለስ ከርሜያለሁ።"

በጋራዡ ማዕረግ ነበረ። ባትላሜራው የተጣመመውን ቀጥቅጦ ያቃናል፤ ስቱኮ የሚለቀልቀው ጎድጓዳውን ይሞላል፤ ቀለም የሚረጨው ከሁሉ በላይ ነው፤ ቆሞ ሻይ ይመጣለታል። ብርጭቆ ወረቀት የሚይዘው ከሁሉ በታች ነው፤ ሻዩን የሚያመጣው እሱ ነው። ሁለት ዓመት ሻይ አመጣሁ። መርጫውን የጨበጥሁት በአራተኛው ዓመት ነው።

በሁለት ሺህ ስድስት እንጅባራ የራሴን ቤት ከፈትሁ። ቤት ስል ሦስት የቆርቆሮ ግድግዳ፣ አንድ ኮምፕሬሰርና ብዙ ጭጋግ ማለቴ ነው። እንጅባራ ላይ ቀለም ማድረቅ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ዳንግላ በግማሽ ቀን የሚደርቀው እዚህ ሲያስብበት ያድራል።

ከተማው ስሜን ትቶ "ጴንጤው ቀለም ቀቢ" ይለኝ ነበር። ሲሳደቡም ሲያሞግሱም ያው ናት። ሲያሞግሱ ግን "አይዋሽም" ማለታቸው ነው። ቀለም ቀቢ አይዋሽም ከተባለ ሌላ ማስታወቂያ ምን ያደርግለታል? እኔም ይህችን ስም እንደ ዓይኔ ብሌን እጠብቃት ነበር፤ ሌላ ንብረት ስላልነበረኝ።

ያን ጊዜ ክሮም ማጥቆር ፋሽን ሆኖ መጣ። አባት ስለሚያብረቀርቅ የገዛውን መኪና ልጅ ስለሚያብረቀርቅ ያፍርበታል። ስቲከር የሚሉት ጥቁር ፕላስቲክ መጣ። እሱን ለመለጠፍ ሙቀት ያስፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ማሞቂያ የለኝም፤ ከጎረቤቴ ሴቶች ፀጉር ቤት ማድረቂያ እዋሳለሁ። ባለቤቷ ሁልጊዜ፣ "ዛሬ ደግሞ የማንን መኪና ፀጉር ልትሠራ ነው?" ትለኝ ነበር። መብራት ሲጠፋ እሷም እኔም ተቀምጠን እንጠብቃለን።

በሁለት ሺህ ስምንት ኅዳር ላይ አቶ አለኸኝ መጡ። የአዲስ ቅዳም ከሰል ነጋዴ ናቸው። ነጭ ፒካፕ አላቸው፤ ፓራውልቱ ክሮም፣ የበሩ እጀታ ክሮም፣ ስፖኪዮው ክሮም፣ የፊቱ ፍርግርግ ክሮም።

"አባቴ ሞተ" አሉኝ።

"እግዚአብሔር ያጽናዎት" አልኋቸው።

"ማጽናቱስ ያጽናኛል። ሰው ነው ያስቸገረኝ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። አባታቸው አያ ንጉሤ የአካባቢው ፈረሰኞች አለቃ ነበሩ። በቀብሩ ዕለት ዳማ ፈረሳቸው ጌጡን አውልቀውለት፣ ጥቁር ጨርቅ አልብሰውት ከሬሳው ኋላ ተሳበ። ሬሳው የመጣው ግን በዚህ ፒካፕ ላይ ነው፤ ፀሐይ ወጥቶ ስለነበር እያንጸባረቀ። ሽማግሌዎቹ፣ "ፈረሱ ሲያዝን መኪናው ይስቃል" አሉ። አቶ አለኸኝ ይህን ከነገሩኝ በኋላ ፍርግርጉን አየሁት። እውነታቸውን ነው፤ ጥርሱን አግጥጧል።

"ለስንት ጊዜ ነው የሚያዝኑት?" አልኋቸው።

ሌላ ሰው እንዲህ ብሎ ቢጠይቅ ዱላ ይነሣበታል። ለእኔ ግን የሥራ ጥያቄ ነው። አስረዳኋቸው። ዓመት ከሆነ ቀለም ይሻላል፤ ክሮሙን ግን ደህና ሰንብት ይበሉት። ስቲከር ለጥቂት ሳምንት ያስኬዳል፤ ግን ክብ ነገር ላይ ይሸበሸባል፣ በእኛ ዝናብ ጫፍ ጫፉ ይነሣል። ሦስተኛው ከአዲስ አበባ የሚመጣ ቀለም መሳይ ላስቲክ ነው፤ ይረጫል፣ ይደርቃል፣ ሲፈልጉ እንደ ሙዝ ልጠው ይጥሉታል። ክሮሙ እንደነበረ ይገኛል።

አቶ አለኸኝ ግራ ቀኝ አዩ።

"ለሰው ዓመት ነው" አሉኝ። "እኔና አንተ ግን አርባ ቀን እንበለው። ከተዝካሩ በኋላ ሰርግ አለብኝ፤ መኪናው ሙሽራ ይዞ ይሄዳል።"

"ታዲያ ቢያውቁ ምን አለበት?"

"በተዝካሩ ዕለት የአባቴን ቦታ ለማን እንደሚሰጡ ይመክራሉ። የበኩር ልጅ ሐዘኑ ይታያል። ማንም ቢጠይቅህ ቀለም ነው በል።"

"ቀለም ነው አልልም።"

"ታዲያ ምን ትላለህ?"

"ጥቁር ነው እላለሁ።"

"ይበቃል" አሉ። እኔም ለሕሊናዬ የሰጠሁት መልስ ይኸው ነው። ሥራው ካማረ የአዲስ ቅዳም ከሰል ነጋዴ ሁሉ እኔ ዘንድ ይመጣል፤ ሕሊናዬም ይህን ስለሚያውቅ ዝም አለ።

ክሮሙን በሳሙና አጠብሁት። የፓራውልቱ ቀኝ ጫፍ ላይ ነጭ ነገር ደርቆ አገኘሁ። የመንገድ ጭቃ መስሎኝ በጨርቅ ፈትጌ አስለቀቅሁት። ከዚያ ቅባቱን ጠረግሁ፣ ገላውን በጋዜጣ ሸፈንሁና መርጨት ጀመርሁ። ላስቲኩ ስስ ከሆነ ሲላጥ ይፈረፈራል፤ ወፍራም ከሆነ በአንድ ቁራጭ ይመጣል። ስድስት ጊዜ ደረብሁ። በየመካከሉ ከሰል አንድጄ ክፍሉን አሞቅሁ፤ ከሰሉም የራሳቸው የአቶ አለኸኝ ነው።

መጨረሻ ላይ የሙያዬን ጨመርሁበት። ለመላጥ እንዲመች ከፓራውልቱ ቀኝ ጫፍ ሥር ጣት የምታህል ጅራት አስቀረሁ። በአርባ አንደኛው ቀን ጅራቷን ይዘው ይስባሉ፣ አለቀ። ይህን ሲያዩ አቶ አለኸኝ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

መኪናው ሲወጣ ሐዘን የተቀመጠ ቄስ ይመስል ነበር። ወሬው በሳምንቱ ጥሊሊ ደረሰ። "ልጅ ማለት እንደ አለኸኝ ነው፤ መኪናውን እንኳ ከል አለበሰው" ተባለ። የፈረሰኞቹ ሽማግሌ አያ ጌታሁን ለገበያ እንጅባራ በመጡበት ቀን ጎራ ብለው፣ "ያ የአለኸኝ መኪና ላይ ያደረግኸው ምንድን ነው?" አሉኝ።

"ጥቁር ነው" አልኋቸው።

"ማየቱንስ አይተናል" ብለው ሄዱ።

ተዝካሩ ደረሰ። እኔ ተዝካር አልበላም፤ ጠላም አልጠጣም። የሄድሁት ሥራዬን ለማየትና ለመታየት ነው፤ መዋሸት የለብኝም። ከዳሱ ጫፍ፣ ፒካፑ ወደቆመበት አጥር ጠጋ ብዬ ተቀመጥሁ። ዳማው ፈረስ ከመኪናው አጠገብ ታስሯል። ድርቆሽ ሰጥተውታል፣ አልነካውም።

ሽማግሌዎቹ ለምክር ሲሰበሰቡ ፈረሱ ገመዱ እስከፈቀደለት ተራመደና አፉን ፓራውልቱ ላይ አደረገ። ላሰ። አሸተተ። ደግሞ ላሰ። ቀኝ ጫፉን ብቻ ነው የሚልሰው። ጠረኑ ይሆናል ብዬ ሳልነሣ ጅራቷን በጥርሱ አገኛት።

ሳባት። ላስቲኩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ክርር ብሎ ተነሣ። አንዲት ቦታ እንኳ አልተቀደደም። ኃጢአቴን ልናገር፤ በዚያች ቅጽበት የተሰማኝ ኩራት ነው። በአሥራ ሁለት ወር አንድ ጊዜ እንዲህ የሚላጥ ሥራ አይገኝም።

ከዚያ ዳሱን አየሁት። ሰው ሁሉ ዞሯል። ፓራውልቱ ታጥቦ የተወለወለ ስለነበር ፀሐዩን ይዞ ይንቦገቦጋል። ፈረሱ ጥቁሩን ላስቲክ አፉ ላይ አንጠልጥሎ ቆሟል።

አያ ጌታሁን ተነሡ። "ጴንጤው፣ እስቲ ና። ያንተ ቀለም ነው እንዲህ እንደ ቆዳ የሚገፈፈው?"

አቶ አለኸኝ ከሽማግሌዎቹ መካከል ተቀምጠው ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። አዎ ቀለም ነው ብል እሳቸው ይድናሉ፣ የእኔ ሙያ ይቀበራል። አይደለም ብል የእኔ ሙያ ይድናል፣ እሳቸው ይዋረዳሉ። ከእውነት ፍቅር ይሁን ከሙያ ትዕቢት ዛሬም አላውቅም፤ ብቻ አፌ ቀደመኝ።

"ቀለም አይደለም" አልሁ። "ሲፈለግ እንዲላጥ የሚሠራ ላስቲክ ነው። ያን ቀን ሲጠይቁኝ መናገር ነበረብኝ። የታዘዝሁት ለአርባ ቀን ነው።"

አንዱ ከኋላ፣ "ከሚያልቅበት ቀን ጋር የሚሸጥ ሐዘን አመጡልን" አለ። ሳቅ በዳሱ ዞረ። አያ ጌታሁን፣ "ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል" ብለው ተቀመጡ። ወደ እኔም ወደ አቶ አለኸኝም ነው የተናገሩት።

ሳቁን ያቆሙት እመት ጥሩነሽ ናቸው፤ የሟቹ ባለቤት። ከቤት ወጥተው ቀጥ ብለው ወደ ፈረሱ ሄዱ። ላስቲኩን ከአፉ አወጡለት፣ በአዊኛ አንድ ሁለት ቃል ነገሩትና ተመልሰው ገቡ። ሲወጡ እጃቸውን ጨብጠዋል። የያዙትን ፓራውልቱ ቀኝ ጫፍ ላይ አደረጉ። ጨው ነው። ፈረሱ አጎንብሶ መላስ ጀመረ።

"እሱን እየፈለገ ነው" አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። "ጠዋት ጠዋት ይኼን ብረት በጋቢው ጫፍ ይወለውለውና፣ ለዳማው ጨው እዚህ ላይ ያደርግለት ነበር። ፂሙንም የሚያየው እዚሁ ላይ ነበር። የልጄ መኪና መስታወት አለው እያለ። ማን ነው የሸፈነው?"

እኔ ፈትጌ ያስለቀቅሁት ነጭ ነገር ትዝ አለኝ። ወደ መኪናው ጠጋ አልሁ።

አቶ አለኸኝ ተነሡ። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። አጠገቤ ደርሰው የበሩን እጀታ በጥፍራቸው ይጭሩ ጀመር፤ ጅራት ያስቀረሁት ፓራውልቱ ላይ ብቻ ስለነበር አልነሣ አላቸው። ጫፉን አሳየኋቸው። እጀታውን፣ ስፖኪዮውን፣ ፍርግርጉን እየላጡ መሬት ጣሉት። እያለቀሱ ነበር። በቀብሩ ዕለት እንዲህ ሲያለቅሱ ያየ የለም አሉ። ስፖኪዮውን ሲጨርሱ በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉት።

አለቅነቱን ለሌላ ሰጡት። ፈረሱ ግን እሳቸው ጋ ቀረ። በኋላ እንደሰማሁት ሰርጉ ላይም መኪናቸውን አልሰጡም፤ ዓመት ሳይሞላ አይሆንም ብለው።

እኔ ደግሞ ስሜ የጠፋ መስሎኝ አንድ ሳምንት ቤቴን ዘግቼ ከረምሁ። ስከፍት ሦስት ከሰል ነጋዴዎች በር ላይ ቆመዋል። "የአለኸኝን ዓይነት ሥራልን" አሉኝ። "ጅራቷን ብቻ ተዋት።" ሠራሁላቸው። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት በአዊ ምድር ስንት ሐዘን እንደላጥሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ለሚጠይቀኝ ሁሉ ግን ላስቲክ ነው እያልሁ እናገር ነበር፤ ማንም ግድ አልሰጠውም።

በሁለት ሺህ አሥራ አንድ ደረቴ እንቢ ስላለኝ መርጫውን አስቀመጥሁ። አሁን ወጣት ቀቢዎች እየመጡ ክሮም ለመሸፈን ከሦስቱ የቱ ይሻላል ይሉኛል። ቀለም ለቆረጠ ሰው ነው። ስቲከር ለቸኮለ ነው። ላስቲክ ለሚያመነታ ነው፤ ስድስት ጊዜ ይደረብ። ክሮሙ ላይ የደረቀ ነጭ ነገር ካገኛችሁ ደግሞ ከማጠባችሁ በፊት ምን እንደሆነ ጠይቁ።