በቁመቴ የተለካው የገና ዱላ

ባለፈው የገና ሰሞን ልጄ ናትናኤል ለበዓል ከአዲስ አበባ መጥቶ ነበር። ነቀምቴ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው ምግብ ነው። ያን ቀን ግን ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ጎልፍ አስለምደውታል። ቅቤ የጠገበ አንጮቴ፣ የወለጋችን ሥራ ሥር፣ ፊቱ ቀርቦለት፣ ትቶት ስልኩን አወጣና ጫፉ እንደ ጡጫ ድቡልቡል ያለ ረጅም ዱላ አሳየኝ። ድራይቨር ይሉታል አለኝ፤ ኳሷን አርቆ ለመላክ መጀመሪያ የሚመታበት እሱ ነው።

«አባዬ፣ ሻጩ ቁመትህን፣ ክንድህን፣ ኳስ አመታትህን ለክተን ለአንተ የሚሆን እናዘጋጅልህ ይለኛል። ጓደኞቼ ደግሞ ዝም ብለህ ከመደርደሪያው አንሳ፣ ዱላ ዱላ ነው ይላሉ። አንተ ምን ትላለህ?»

እኔ ስለ ጎልፍ ምን አውቄ! ቢሆንም «ዱላ ዱላ ነው» ሲለኝ እጄን ከገበታው ሰበሰብኩ። ይህንኑ ቃል በወጣትነቴ ከአንድ ሰው አፍ ሰምቼዋለሁ። ሰውየው የክርስትና አባቴ ጋሼ ወልዴ ነበር።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። የምንኖረው እዚሁ ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር ነበር። ወላጅ አባቴ ከሸዋ መጥቶ እዚህ የቀረ ሰው ነው፤ እኔ ፊደል ሳልቆጥር ሞቷል። ስለዚህ አባት ማለት ምን እንደሆነ የተማርኩት ክርስትና ካነሳኝ ከጋሼ ወልዴ ነው። ጋሼ ወልዴ አናጺ ነበር። ትምህርት በሌለ ቀን ውሎዬ ከእንጨት ሥራ ቤቱ ደጃፍ አይጠፋም፤ የፍቅፋቂው ሽታ ልብሴ ላይ ያድር ስለነበር እናቴ ከሩቅ ታውቀኝ ነበር። የሰፈራችን የገና ጨዋታ ቡድን አለቃም እሱ ነው። ማን ከፊት እንደሚሰለፍ፣ ማን ከኋላ እንደሚቆም እሱ ከተናገረ በኋላ የሚከራከር የለም።

የገና ጨዋታ ዛሬ ዛሬ በቴሌቪዥን ካልሆነ ለማያይ ሰው ልንገር። ከእንጨት የተጠረበች ሩር የምትባል ኳስ አለች፤ እሷን ጫፉ ቆልመም ባለ ዱላ እየመቱ ከተቃራኒው ቡድን ድንበር ማሻገር ነው። በቃ። የአየሩ ነገር ደግሞ ለዚህ ጨዋታ የተፈጠረ ነው። በወለጋ ያን ጊዜ ዝናቡ ከሄደ ቆይቷል፣ ጤፉ ታጭዷል፣ በየደጁ ቀይ ቡና ተሰጥቷል፤ ጠዋት ብርዱ እጅ ያደነዝዛል፣ ከሰዓት ፀሐዩ አናት ይበሳል።

በዚያ ዓመት ቡድናችን ከነቀምቴ በስተምሥራቅ ወዳለችው ሲሬ ከተማ ሄዶ ከሲሬ ልጆች ጋር ሊጫወት ተቀጠረ። ጋሼ ወልዴ ጠራኝና «ዘንድሮ ከኋላ ሆነህ ሩሯን አርቀህ የምትልክልን አንተ ነህ» አለኝ። ክንዴ ረጅም ስለሆነ ነው። በማግሥቱ እሱ፣ እኔና የልብ ጓደኛዬ ቶለሳ ሆነን ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ጫካ ወረድን። ጾም ስለነበር ስንቃችን ቆሎ ነው። ጋሼ ወልዴ ከአንዱ ወይራ ወደ ሌላው እየሄደ ቅርንጫፉን በእጁ ይዳስሳል፣ ይተወዋል። በመጨረሻ አንዱ ጋ ቆመ።

«ና እስኪ፣ እዚህ ቁም» አለኝ። ደረቴን ነፍቼ ቆምኩ።

«እንደ ወታደር አይደለም። ትከሻህን ልቀቅ። ደክሞህ እንደምትቆመው ቁም።»

ከዚያ በርከክ አለና ሲባጎ አውጥቶ ከእጄ አንጓ እስከ መሬት ዘረጋው። መዳፌን ገልጦ ጣቶቼን በጣቶቹ ለካ። ወደኋላ ራቅ ብሎ ባዶ እጄን እንደምመታ አድርጌ እንድወዘውዝ አዘዘኝና ዓይኑን ጨፈን አድርጎ አየኝ። ቶለሳ መሳቅ ጀመረ፤ «ጋሼ፣ ሱሪ ሊሰፉለት ነው እንዴ?»

«ሳቅ አንተ» አለው። ወደ እኔ ዞሮ ግን ቆጠብ ባለ ድምፅ ነው የተናገረው። «የሰው ዱላ ስትይዝ ሰውነትህ ዱላውን ሲለማመድ ሩሯ ታልፍሃለች። የራስህን የያዝክ ቀን ዱላ መያዝህንም ትረሳዋለህ።»

ዱላው እስኪደርስ የነበረው ጊዜ ለእኔ ከበዓሉ ይበልጥ ነበር። ቆልማማውን ጫፍ በእሳት እያሞቀ አስተካከለው፤ እጀታውን እኔ እየያዝኩለት ወፈረ ሲለው ላገው። ከእጀታው ዝቅ ብሎ ሽንብራ የምታክል ጥቁር ጉጥ ነበረችበት፤ ልላጋት ሲል ለመንኩትና ተዋት። አልቆ ስይዘው እንዳለውም ሆነ፤ ክንዴ የረዘመ እንጂ ዱላ የያዝኩ አልመሰለኝም። በሥራ ቤቱ ጓሮ ሩር ስመታ እሱ ከበሩ ላይ ቆሞ አየኝ። «ይሄ ልጅ አባቱ ቢያየው» አለ። ለእኔ አልነበረም፣ ለራሱ ነው። ያችን ቃል ይዤ ስንት ቀን ሰነበትኩ!

በዓሉ አለፈ፣ የሲሬው ቀን ደረሰ። ዱላዎቹ ሁሉ ሥራ ቤቱ ስለሚቀመጡ ጋሼ ወልዴ ጭኗቸው ይመጣል። እኔና ቶለሳ ወደ ቆመው የጭነት መኪና ስንደርስ ላዩ ላይ አንድ የማናውቀው ልጅ ተቀምጧል። ቢኒያም ይባላል፤ የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ልጅ ነው፤ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት መጥቶ «እኔም ልጫወት» ብሏል። ጉልበቱ መሀል ዱላ ይዟል። ቶለሳ ጎሸም አደረገኝና «ኩን ካን ኬ ሚቲ?» አለኝ፤ ይሄ ያንተ አይደለም እንዴ ማለቱ ነው። ጥቁሯን ጉጥ አየኋት።

ጋሼ ወልዴ ከመኪናው ጎን ገመድ እያሰረ ነበር።

«ጋሼ፣ የኔ ዱላ…»

«አውቃለሁ» አለኝ ቀና ሳይል። «ልጁ እንግዳችን ነው። ጆንያው ውስጥ ሌላ ሞልቷል፤ አንዱን አንሳ።»

«እነዚያ አጭር ናቸው።»

«ዱላ ዱላ ነው። ዋናው ክንድ ነው። እንደ ሕፃን አትነጫነጭብኝ።»

ድምፁ የእሱ አልመሰለኝም። ቀና ብሎ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር፤ ገመዱን ብቻ ያጠብቃል፣ የጠበቀውን መልሶ ያጠብቃል።

የዚያን ጊዜ የሲሬ መንገድ ኮረኮንች ነው። የመኪናው አቧራ አፋችን ድረስ ገባ፤ ሰዉ ይዘፍናል፣ ሸንኮራ ይመጥጣል። ቶለሳ ከሸንኮራው ቢያካፍለኝ መልሼ ሰጠሁት። አቧራ እየጠረግኩ አስመስዬ ዓይኔን ጠረግኩ።

ጨዋታው ላይ የሆነው ብዙ አያስወራም። የደረሰኝ ዱላ አጭርና ከጫፉ ከባድ ነበር፤ ሩሯን ለማግኘት ከወገቤ መታጠፍ ነበረብኝ። አንዴ ሩሯ ማንም ሳይከልላት ወደ እኔ ተንከባላ መጣች። ሳልጎነብስ በለመድኩት አመታት ሰነዘርኩ፤ ዱላው በአናቷ ላይ አየር ቀዝፎ አለፈ። የሲሬ ልጆች ነጠቁንና አገቡ። ከዳር ያለው ሰው «ለዚያ ረጅም ልጅ ወንበር አምጡለት!» እያለ አውካካ። ጋሼ ወልዴ በእጁ ምልክት ሰጠኝ፤ ውጣ ማለቱ ነው። ወጣሁ።

ጥላ ሥር ተቀምጬ ቢኒያምን ብቻ ሳይ ዋልኩ። ቁመቱ ትከሻዬ ጋ ቢደርስ ነው። ዱላውን ከእጀታው በታች፣ ከጉጧ ዝቅ ብሎ ነበር የሚይዘው፤ ትርፉ እየዞረ ሆዱን ይጎስመዋል። ቢሆንም ማለቂያው ላይ ሩሯ እግሩ ሥር ወደቀችለት፤ እንደምንም ገፋት፣ በሰው እግር መሀል ሾልካ ድንበሩን አለፈች። አሸነፍን። ትከሻ ላይ አወጡት። ጋሼ ወልዴም እየጨፈረ ወደ እኔ መጥቶ «አየህ? አላልኩህም? ዱላ ዱላ ነው!» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሩሯማ ገብታለች።

ነቀምቴ ስንደርስ ዱላውን ከቢኒያም ተቀብሎ አቀበለኝ። «በል እንካ፣ ያንተው ነው።» ወስጄ ከሥራ ቤቱ ግድግዳ ጋር አስደገፍኩትና ወደ ቤቴ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ያንን ደጃፍ አልረገጥኩም። ብዙም ሳይቆይ የቢኒያም አባት መሥሪያ ቤት የጠረጴዛና የወንበር ሥራውን ለጋሼ ወልዴ እንደሰጠው ሰማሁ። እናቴ «ምነው አባትህን ተውከው?» ስትለኝ ትምህርት በዛብኝ እላት ነበር። እሱም አንድ ቀን አልጠየቀኝም። በመንገድ ስንገናኝ ጉልበቱን ስሜ አልፋለሁ፣ ይመርቀኛል፣ አበቃ።

አስተማሪ ሆኜ ቢላ በምትባል የወለጋ ከተማ ስሠራ ብዙ ዓመት አለፈ። ወደ ነቀምቴ ተዛውሬ ስመለስ ጋሼ ወልዴ አልጋ ይዞ አገኘሁት። ብርቱካን ይዤለት ገባሁ። ስለ ጤናው፣ ስለ ልጆቼ፣ ስለ ቡናው ዋጋ አወራን። ልነሳ ስል እጄን ይዞ አስቀረኝ።

«ያ ሲሬ ይዘነው የሄድነው ልጅ» አለ።

«ቢኒያም?»

«ዱላው ረዝሞበት ነበር።» ትንፋሹን ሰበሰበ። «ገና መኪናው ላይ ሲቀመጥ አይቻለሁ።»

ይህን ብሎ እጄን ለቀቀኝ። ይቅርታ ይሁን፣ እንዲሁ ትዝ ብሎት ይሁን አላውቅም። እኔን ግን ያን ቀን እንደ አዲስ አመመኝ። እስከዚያ ድረስ ምናልባት ከልቡ አምኖበት ይሆናል፣ ምናልባት እንጨት ለእሱ እንጨት ብቻ ይሆናል እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር። ለካ እያወቀ ነው።

ይህን ሁሉ ለናትናኤል ስነግረው አንጮቴው በረደ። በመጨረሻ «ታዲያ ልለካ ወይስ ዝም ብዬ ልግዛ?» አለኝ።

«ተለካ» አልኩት። ጥቂት ጣት መርዘሙ ወይም ማጠሩ የጎልፍ ኳስ ምን ያህል እንደሚያርቅ የሚያውቁት ይናገሩ። ሰውነቴ የሚያውቀውን ነው የነገርኩት።

«እሱንስ ይቅር አልከው?»

የበረደውን አንጮቴ ወደ እሱ ገፋ አደረግኩለት። ዛሬ እኔ ያኔ ከነበረው ዕድሜው አልፌአለሁ። ቤት ማስተዳደር፣ ሥራ ማጣት፣ የሹም ልጅ በር ሲያንኳኳ እምቢ ማለት እንዴት እንደሚከብድ ይገባኛል። የጋሼ ወልዴን ልጆች ያሳደጋቸው ያ የጠረጴዛና የወንበር ሥራ እንደሆነም አውቃለሁ። ሲሞት ቀብሬዋለሁ፣ አልቅሼለታለሁም። አንድ ነገር ብቻ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ያን ቀን ጠዋት ለብቻዬ ጠርቶ «ልጄ፣ ቸግሮኛል፣ ዱላህን ለዛሬ ስጠኝ» ቢለኝ፣ እሰጠው ነበር።