የጋሪው ታችኛው መደርደሪያ

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ከስድስተኛ ክፍል ትምህርቴን ያቋረጥኩ ነኝ፤ ሰው ፊት መናገርም ያስፈራኛል። የሆስፒታላችን ነርስ ሲስተር ጥሩወርቅ አዲስ ለሚቀጠሩት ልጆች ሥራችንን እንድነግራቸው ፈለጉ። መሬት መሬት ሳይ ጊዜ፣ «እንግዲያው ጻፊው፤ ወረቀት አያፈጥጥብሽም» አሉኝ። ስለዚህ ጻፍኩት።

ሥራ የጀመርኩት በባድመ ጦርነት ጊዜ ነው። ቤታችን ሐረር፣ ፈላና በር ነው። እናቴ ጊደር መጋላ ገበያ ሽንኩርትና በርበሬ ትሸጣለች። ቁስለኞች በድሬዳዋ በኩል ወደ ሐረር መምጣት ሲጀምሩ ሆስፒታሉን ሰው አነሰው። አንዲት ጎረቤታችን ለወጥ ቤቱ ኃላፊ ነገረችልኝና ተቀጠርኩ። የሥራ መደቤ «ምግብ አመላላሽ» ይባላል።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ነጭ ሽርጥና የፀጉር መሸፈኛ ሰጡኝ። የወጥ ቤቱ ኃላፊ ጋሽ ክንፈ ድሮ በጦሩ ውስጥ ምግብ አብሳይ የነበሩ፣ በሃምሳ አለቃነት ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከሁሉ በፊት ያሳዩኝ ጋሪውን ነው። ሁለት መደርደሪያ ያለው የብረት ጋሪ ሲሆን አንዱ ጎማው ሲገፉት ይጮኻል።

«ላይኛው የክርስቲያን፣ ታችኛው የእስላም» አሉኝ።

በወጥ ቤቱ ሁሉም ነገር ሁለት ሁለት ነበር። ሁለት ድስት፣ ሁለት ጭልፋ፣ ሁለት አብሳይ። ሥጋው በየእምነቱ ስለሚታረድ አንዱ የሌላውን አይቀምስም። ጭልፋ ያቀያየረ ሰው ከወጥ ቤት ይባረራል። እኔም የትኛው ትሪ ለማን እንደሆነ በምን እንደምለይ ጠየቅኳቸው። ድምፄ ስላልተሰማቸው ደግሜ ጠየቅኩ። ስሙን ጠይቂ፣ ስሙ ይነግርሻል አሉኝ። ሐረር ተወልጄ ስላደግኩ ነገሩ ልክ መሰለኝ። እኛ ሰፈር አብዲ አብዲ ነው፣ ኃይሉም ኃይሉ ነው፤ የሚያጠያይቅ ነገር የለውም።

ትሪ ማድረስ ቀላል ነው። ከባዱ ማጉረስ ነው። እጃቸው የተቆረጠ፣ ዐይናቸው በፋሻ የታሰረ፣ ቀና ማለት የማይችሉ ነበሩ። ይህን ያስተማሩኝ ሲስተር ጥሩወርቅ ናቸው። ሰው ስታጎርሺ አፉን ሳይሆን ጉሮሮውን እዪ፣ ሳይውጥ ሁለተኛ አትድገሚ አሉኝ። ዐይኑ የታሰረውን መጀመሪያ እጁን ይዘሽ የሳህኑን ጠርዝ አስነኪው፤ ወጡ በየት በኩል፣ ውኃው በየት በኩል እንዳለ ንገሪው። አትቸኩዪ፤ ከቸኮልሽ ሸክም የሆነብሽ ይመስለዋል።

ሥራውን ወደድኩት። ሰው እያጎረሱ ብዙ ማውራት አያስፈልግም። መስኮቱ አጠገብ የሚተኛው አስር አለቃ ታደለ ግን አይለቀኝም ነበር። የጎጃም ሰው ነው፣ አንድ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆርጧል። «አንቺ ልጅ፣ እኔን እግሬን መታኝ፤ አንቺን ምላስሽን ነው እንዴ የመታሽ?» ይለኛል። ሳቄን በሽርጤ እሸፍነዋለሁ። እሱ እኔን ካላሳቀ ምሳው አይወርድለትም ነበር።

እኛ አመላላሾች የምንበላው ቁስለኞቹ በልተው፣ ትሪው ተሰብስቦ፣ ጋሪው ታጥቦ ካበቃ በኋላ ነው። ደንቡ እንዲህ ነው፤ በዚህ ቅር የሚለው ሰው አላየሁም።

ከዚያ አራጋው መጣ። ጥይት መንጋጋውን ሰብሮት ስለነበር ላይኛውና ታችኛው ጥርሱ በሽቦ ታስሯል። መናገር አይችልም፤ ፊደል ስላልቆጠረ መጻፍም አይችልም። ከጦር ክፍሉ አብሮት የመጣ ሰው አልነበረም። ከእሱ ጋር የመጣው ወረቀት ላይ የተጻፈ ስሙ ብቻ ነው። የአባቱም ስም እንደ እሱ ስም ያለ፣ በእኛ አገር የክርስቲያን የሚባል ስም ነው። ከጋሪው ላይኛው መደርደሪያ የሚበላ ሰው ሆነ።

እንዲህ ያለ ቁስለኛ የሚመገበው በትልቅ ሲሪንጅ ነው። ሲሪንጁ ጫፍ ላይ ቀጭን ጎማ ይደረጋል፤ ጎማው በጉንጩ ውስጥ ገብቶ ከመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ ጀርባ ይደርሳል። መረቁ በወንፊት መጥለል አለበት፤ ሲሪንጁንም ቀስ እያሉ መግፋት ነው። ከአልጋው ራስጌ የሽቦ መቁረጫ ተንጠልጥሏል። ካስመለሰው ትን ብሎት እንዳይሞት ሽቦው ወዲያው የሚቆረጥበት ነው። እኔ መቁረጥ ስለማይፈቀድልኝ፣ ሲያቅለሸልሸው ካየሁ ነርስ መጥራት ነበረብኝ።

አንገቱ ባዶ ነበር። ቀዶ ጥገና ሲያደርጉለት ማተቡን ቆርጠውበታል ብዬ አሰብኩ፤ ብዙ ቁስለኞች እንደዚያ ሆነው ይመጣሉ። አሳዘነኝ። ቤት ሄጄ ጥቁር ክር ገመድኩና ሲስተርን አስፈቅጄ አሰርኩለት። ክሩን በጣቱ ዳሰሰው፤ እኔንም ቀና ብሎ አየኝ። ደስ አለው አልን።

የሥጋ መረቅ ግን አልጠጣም አለ። እንደ ልማዴ በስመ አብ ብዬ ጎማውን ወደ ጉንጩ ሳስጠጋ ከንፈሩን ይገጥማል። ጣቱን ጉሮሮው ላይ አድርጎ ራሱን ግራና ቀኝ ይነቀንቃል። ጉሮሮውን አሞት ይሆናል ብለን ሐኪሙ በባትሪ አዩት፤ ምንም የለበትም። ወተት ስሰጠው ይጠጣል። ሻይም ይጠጣል። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ የጾም ምስር ሾርባ ስናቀርብለት እስከ መጨረሻው ይጨርሳል።

ክፍሉ በሙሉ አንድ ነገር አመነ። ይህ ሰው ጾመኛ ነው፣ ወተቱን ባይተውም ስለት ተስሎ ሥጋ ትቷል ተባለ። አንዳንዶቹ ቁስለኞች በአልጋው አጠገብ ሲያልፉ ድምፃቸውን መቀነስ፣ ጸልይልንም ማለት ጀመሩ። ከመስጊዶቹ አዛን ሲሰማ ዐይኑን ይጨፍናል፤ እኛ ደከመው፣ ተኛ እንላለን።

ሐኪሙ ግን ለሲስተር ሲነግሯቸው ሰማሁ። አጥንቱ ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል፤ በዚህ አቅሙ ማደንዘዣውን አይችለውም። ወተትና ምስር ብቻ አይበቃውም፤ የሥጋ መረቅ ያስፈልገዋል። ቁስሉ ማመርቀዝ ጀምሯል። እንዲህ ከቀጠለ አናተርፈውም አሉ። ሲሪንጁን የምይዘው እኔ ስለነበርኩ፣ ነገሩ በእኔ እጅ ላይ ያለ መሰለኝ።

ሲስተር ከአቅራቢያው ቤተ ክርስቲያን ቄስ አስጠሩ። ቄሱ በጣም ደግ ሰው ነበሩ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ የታመመ ሰው ጾም እንደሌለበት፣ ስለትም ቢሆን እንደሚፈታ በቀስታ አስረዱት። «እግዚአብሔር ይፍታህ፣ ልጄ» ብለው ባረኩት። አራጋው ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ በአክብሮት ጎንበስ አለ። ሁላችንም ተገላገልን ብለን ተነፈስን።

በማግስቱ መረቁን ሳቀርብለት ከንፈሩን ገጠመ።

ታደለ ከአልጋው ሆኖ፣ «ይሄ ሰውዬ ጳጳስ ካልመጣ አይፈታም» አለ። የሳቀ ግን አልነበረም።

ለሆስፒታሉ ወተት የሚያመጡት ከሐረር ወጣ ብላ ካለችው ሶፊ የሚመጡ እናት፣ አዴ ዘይነባ ነበሩ። ጄሪካናቸውን ወጥ ቤቱ በር ላይ አስረክበው ይመለሳሉ፤ ወደ ውስጥ ገብተው አያውቁም። የዚያን ቀን ፊቴን አይተው ምን ሆነሻል አሉኝ። ወተት ብቻ የሚጠጣ ቁስለኛ እንዳለ፣ ሊሞትብን እንደሆነ ነገርኳቸው። ይህን ያህል ስናገር ሰምተውኝ አያውቁም። ወተቴን የሚወደውን ሰው ካላየሁ አልሄድም አሉ። ሲስተርም ፈቀዱላቸው።

አልጋው አጠገብ ቆመው ወተቱን ራሳቸው በኩባያ ቀዱ። ሲቀዱም፣ «ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም» አሉ።

የአራጋው ዐይን ተከፈተ። ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ። የቀኝ እጁን ሌባ ጣት ከብርድ ልብሱ አውጥቶ፣ እስላሞች ሲሰግዱ እንደሚያደርጉት ወደ ላይ ቀጥ አደረገ። አዴ ዘይነባ ጣቱን አዩ፣ አንገቱ ላይ ያለውን ክር አዩ፣ እንደገና ጣቱን አዩ።

«ኢልማ ኮ» አሉት፤ በኦሮምኛ ልጄ ማለት ነው። «ልጄ፣ አንተ እስላም ነህ እንዴ?»

ራሱን ነቀነቀ። ደግሞ ነቀነቀ፤ አዎ ማለቱ ነበር። እንባው በጆሮው በኩል ወደ ትራሱ ወረደ።

ከዚያ ታደለ፣ «ቄስ አምጥተን ፈታነው እኮ፣ ጎበዝ» አለ። መጀመሪያ የሳቀው አራጋው ነው። አፉ አይከፈትም፤ በሁለት እጁ መንጋጋውን ደግፎ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሲያመውም ሳቁን ማቆም አልቻለም። ከዚያ ሁሉም ሳቀ፤ ሲስተር ጥሩወርቅ እየሳቁ ዐይናቸውን በጋውናቸው ጠረጉ።

ጋሪው በሩ አጠገብ ቆሟል። የእስላሙ መረቅ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ነው፤ በየቀኑ በአልጋው ጎን ያልፍ ነበር። ጎማውንና ሲሪንጁን ቀይሬ፣ ሌላ ወንፊት አምጥቼ መረቁን አጠለልኩ። አዴ ዘይነባ በእኔ ቦታ ቢስሚላህ አሉለት። ጉሮሮውን እያየሁ ቀስ ብዬ ገፋሁ። ዋጠ። ሁለተኛም ዋጠ። ኩባያው ሲያልቅ ባዶውን በዐይኑ አሳየኝ፤ ሄጄ ጨመርኩለት።

ጋሽ ክንፈ ነገሩን ሲሰሙ ኮፍያቸውን አውልቀው መጡ። የት አገር ሰው ነህ ብለው የሚያውቋቸውን አገሮች አንድ በአንድ ጠሩለት፤ ወሎ ሲሉ ራሱን ነቀነቀ። ጋሽ ክንፈ ግንባራቸውን መቱ። በወጣትነታቸው ወሎ እንደነበሩ፣ እዚያ የክርስቲያኑም የእስላሙም ስም አንድ እንደሆነ እያወቁ እንደረሱት ነገሩን። እኔን አልተቆጡኝም። ስሙ ይነግርሻል ያልኩሽ እኔ ነኝ አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አዲስ ቁስለኛ ሲገባ ራሳቸው ወርደው ይጠይቁ ነበር።

እኔ ግን የክሩ ነገር ጨነቀኝ። መቀስ ይዤ ሄድኩ። አራጋው መቀሱን ሲያይ ክሩን በመዳፉ ሸፈነው፤ ራሱንም ግራና ቀኝ ነቀነቀ። አዴ ዘይነባን አየኋቸው። ተይው፣ እሱ ያውቃል አሉኝ።

እየበላ ሰውነቱ ተመለሰ። አዴ ዘይነባ ለእሱ ብቻ በትንሽ ቅል ወተት ያመጡለት ነበር። ሁለተኛው ቀዶ ጥገና ተሠራለት፣ አጥንቱም ያዘ። ሽቦው በሚፈታበት ቀን ሲስተር ሳህን እንድይዝላቸው ጠሩኝ። ሽቦው ሲጎተት ማየት አቅቶኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ሽቦው ወጥቶ እንዳለቀ አራጋው አፉን በመከራ ከፈተና እኔን አየኝ።

«አብሽሪ» አለኝ። ይህ በወሎ ሰው የሚጽናናበት ቃል ነው። እሱ ታሞ እኔን አጽናናኝ።

ምላሱ ሲፈታ ያን ክር ለምን ዝም ብሎ እንደተቀበለኝ ጠየቅኩት። በሕይወቴ እንግዳ ሰው ደፍሬ ስጠይቅ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። «እታለም፣ እናቴ ስንታመም ክር ታስርልናለች። አክስቴ ደግሞ ክርስቲያን ናት፣ ማተብ አላት። እኛ ቤት ሁለቱም አለ። ስታስሪልኝ ሰው አለኝ አልኩ» አለኝ። «ሥጋው ግን ሌላ ነው» አለና ጣቱን እንደ ቢላ በጉሮሮው ላይ አሳልፎ ሳቀ።

ታደለ ከመስኮቱ ሆኖ፣ «እኔም ያኔ ጾመኛ መስለኸኝ ስንት ነገር አስጸልዬሃለሁ፤ ይሰረዝ ወይስ ይቆጠርልኝ?» አለው። አራጋውም ይቆጠርልህ አለው።

ጋሪውን መግፋት ያሳዩኝን ጋሽ ክንፈን፣ ጉሮሮ ማየት ያስተማሩኝን ሲስተርን፣ ከበሩ አልፈው የገቡትን አዴ ዘይነባን አመሰግናለሁ። ከእነሱ አንዱ ባይኖር አራጋው አይድንም ነበር።

አዲስ ለምትገቡት የምለው ይህ ነው። ትሪ ከማስቀመጣችሁ በፊት ሰውየውን ጠይቁት። ስሙ አይበቃም። መናገር የማይችል ከሆነ ራሱን ነቅንቆ ሊመልስ በሚችለው መንገድ ጠይቁት። አንድ ሰው «እስላም ነህ?» ብሎ ቢጠይቀው አራጋው በመጀመሪያው ቀን ይመልስ ነበር። ማንም አልጠየቀውም።

አገሩ በሚሄድበት ጠዋት የዳኑትን የሚወስደው አውቶቡስ ሆስፒታሉ በር ላይ ቆሞ ነበር። ጋሪዬን ትቼ ወጣሁ። ክሩ አሁንም አንገቱ ላይ ነበር። ሌሎቹ ሲሰናበቱት ብዙ ተናገሩ፤ እኔ መሰናበት አልችልበትም። የማውቀውን ብቻ ጠየቅኩት፤ ቁርስ በልተህ ነው ወይ አልኩት። በልቻለሁ፣ አልሐምዱሊላህ አለኝ። አንድ እግሩን አውቶቡሱ ደረጃ ላይ ካደረገ በኋላ ዞረ።

«አንቺስ በላሽ?»