የፋሲካ ማግስት ኪሎ ሜትሮች

አባቴ ጡረታ ሲወጣ ሩጫ ጀመረ፤ እኔንም ከአልጋ እየጎተተ አስጀመረኝ። ጎንደር ውስጥ ዳገት የሌለበት መንገድ የት ይገኛል? መጀመሪያ ላይ ከአራዳ እስከ ቤታችን እየተነጫነጭኩ ነበር የምከተለው። እየዋለ እያደረ ግን ወደድኩት። ባለፈው ዓመት ሐኪሙ የአባቴን ጉልበት አይቶ፣ "አንድ ማራቶን ይሩጡ፤ ከዚያ በኋላ ግን እርምጃ ብቻ" አለው። ያቺን አንዷን አብረን ልንሮጣት ተስማማን።

እቅዱን ያወጣው እሱ ነው። በየሳምንቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንጨምራለን፤ አራተኛው ሳምንት ሲደርስ ቀንሰን እናርፋለን። የሁዳዴ ጾም ሲገባ፣ ሁለታችንም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ስለማንቀምስ፣ ርቀቱን በግማሽ ቆረጠው። እኔን ግን የቀረብን ኪሎ ሜትር ሁሉ አንገበገበኝ።

"ምነው እንዲህ ትጣደፊያለሽ? ገና ጊዜ አለን እኮ" ይለኝ ነበር።

የፋሲካ ለት ዶሮው ከመቅረቡ በፊት እናቴ እንደ ልማዳችን ተልባ አጠጣችን፤ በጾም የከረመ አንጀት ቅባት ድንገት ሲገባበት እንዳይጎዳ። ለአንጀቴ እንዲያ የተጠነቀቅኩ ሴት ለእግሬ አላዘንኩለትም። ሥጋና ቅቤ ስቀምስ ልቤ አበጠ። ጠዋት ከአባቴ ጋር ቀስ ብዬ እሮጥና፣ ከቢሮ ስወጣ ደግሞ ሳልነግረው ብቻዬን የአዘዞን መንገድ እይዛለሁ። የማረፊያው ሳምንት ሲመጣም እንደዚያው። ቅልጥሜ ሲጠዘጥዘኝ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። አንድ ቀን ጠዋት ደረጃ ስወርድ እግሬን መርገጥ አቃተኝ። ራጅ ስነሳ አጥንቴ ተሰንጥቋል።

አባቴ አልተቆጣኝም። ምናለ በተቆጣኝ! "አይዞሽ፣ ሸጋ ትሆኛለሽ፤ አጥንት ይጠግናል" ብቻ አለኝ።

የማራቶኑ ቀን ክራንች ተደግፌ ፒያሳ፣ መጨረሻው መስመር አጠገብ ቆምኩ። ብዙዎቹ ገብተው መንገዱ ጭር ካለ በኋላ አባቴ ብቅ አለ። ስንሮጥ ሁልጊዜ መኪና እንዳይነካኝ እኔን በዳር አድርጎ እሱ በመሃል አስፓልቱ በኩል ነው የሚሆነው። ያን ቀን መኪናም የለ፣ እኔም የለሁ፤ እሱ ግን በስተቀኙ ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ትቶ ይሮጥ ነበር። እርር ድብን ብዬ አለቀስኩ። አጠገቤ የቆሙ ሴትዮ ደስታ መስሏቸው "እሰይ! አባትሽ ናቸው?" አሉኝ። በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ።

አሁን አጥንቴ ጠግኗል፤ የእሱ ጉልበት ግን ሐኪሙ እንዳለው ሆነ። ሰው ሁሉ "የሚቀጥለውን ትሮጫለሽ" እያለ ያጽናናኛል። እሮጥ ይሆናል። ያቺ አንዷ ግን አለፈች፤ ያሳለፍኳትም እኔው ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ አባቴ እስከ አስፓልቱ ይሸኘኝና እጁን እያውለበለበ ይቆማል። መታጠፊያው ሩቅ ነው። ቀስ ብሎ መሮጥ የሆነልኝ አሁን ነው፤ ቶሎ ከዓይኑ እንዳልጠፋ።