ጢሜና የሰልፉ ሜዳ

ውትድርና ስለማውቅ ዳንግላ ላይ ወጣቶችን ሰልፍ በነፃ ላሠለጥን ተመዘገብኩ። የሁለት ዓመት ሴት ልጄን ከቀበርኩ ገና ሦስት ሳምንቴ ነበር፤ ቤት መቀመጥ አልቻልኩም።

ኃላፊው ጡረተኛ ሃምሳ አለቃ ነው። በሠልጣኞቹ ፊት ጢሜን አይቶ፣ "ተላጭተህ ና፤ ይህ ለቅሶ ቤት አይደለም" አለኝ። ደሜ ፈላ። ቢሆንም ሜዳውን ላለማጣት ፀጉር አስተካካያችን ጋሽ አድማሱ ዘንድ ሄድኩ።

"አርባዋ ሳይወጣ ምላጭ አላነሳብህም" አሉኝ። "ማነው ያዘዘህ?"

ነገርኳቸው።

"እሱም የሚላጨው እኛው ፀጉር አስተካካዮቹ ዘንድ ነው" አሉና ተነሥተው ወደ ጎረቤት ፀጉር ቤት ገቡ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሃምሳ አለቃው ጢሙ ተንጨብርሮ መጣ።

"በከተማው የሚላጨኝ ጠፋ" አለኝ ሳያየኝ። "በል አሰልፋቸው።"